ሮቢን ሁድ፦ በመዝገብና በግጥም መካከል

ሮቢን ሁድ በእርግጥ የኖረ ሰው ነውን? ይህ ጥያቄ የእንግሊዝን ታሪክና ሥነ ቃል አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለመኖሩ ማስረጃ ተደርገው የቀረቡት ሰነዶች በትክክል የሚያረጋግጡት ምን እንደሆነ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያሻል። ሮቢን ሁድን በአማርኛ «ሽፍታ» ብንለው ነገሩ ይቀራረባል እንጂ አይገጥምም። ሽፍታ በራሱ ውሳኔ ጫካ የገባ ሰው ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ግን ተከሳሽ ተደጋግሞ ተጠርቶ ሳይቀርብ ሲቀር በፍርድ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ይደረግ፣ ንብረቱም ይወረስ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው በመዝገብ ላይ ዱካ ይተዋል ተብሎ ይጠበቃል።

ከተገኙት ዱካዎች ቀዳሚው በ1226 የንጉሡ ግምጃ ቤት ሒሳብ ውስጥ የሚገኘው ነው። ዮርክ ላይ ከዋለው ችሎት የኮበለለ ሮበርት ሆድ የተባለ ሰው ንብረት 32 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ተገምቷል። ሮቢን የሮበርት ቁልምጫ በመሆኑ ስሙ ይገጥማል። ይሁን እንጂ ሮበርት በዘመኑ እጅግ የተለመደ ስም ነበር፤ ግጥሞቹ ከሚተርኩት ገድልም በመዝገቡ የሰፈረ የለም።

ዴቪድ ክሩክ በ1984 ይፋ ያደረገው ሰነድ ከዚህ የላቀ ክብደት አለው። በበርክሻየር የኮበለለ ዊልያም የተባለ ተከሳሽ በፍርዱ ሰነድ ላይ የሮበርት ለ ፌቨር ልጅ ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ በ1262 የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ «ዊልያም ሮብሁድ» ሲል መዝግቦታል። ጸሐፊው ስሙን የለወጠው ዝናውን ሰምቶ ከሆነ፣ ስሙ ያን ጊዜ የኮብላዮች መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው። ሰነዱ የሚመሰክረው ለሰውየው ሳይሆን ለትረካው ዕድሜ ነው።

ይህም ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹን ያጋልጣል። አንድሩ ዊንታውን በ1420 ገደማ ሲጽፍ ጀግናውን በ1283 ሥር አስቀመጠው፤ ዋልተር ባወር በ1440ዎቹ ወደ 1266 መለሰው፤ ጆን ሜጀር ደግሞ በ1521 ወደ ቀዳማዊ ሪቻርድ ዘመን፣ ወደ 1193 ገደማ ወሰደው። ጸሐፊዎቹ ከዘመኑ እየራቁ በመጡ ቁጥር ጀግናው እያረጀ ሄዷል።

ጆሴፍ ሀንተር በ1852 ያቀረበው መላምት የተለየ ትምህርት ይሰጣል። «ጄስት» በተባለው ረጅም ተራኪ ግጥም፣ ኤድዋርድ የተባለ ንጉሥ ኖቲንግሃም መጥቶ ሮቢንን ምሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወስደዋል። ዳግማዊ ኤድዋርድ በ1323 መጨረሻ ኖቲንግሃም ነበር፤ በ1324 የቤተ መንግሥቱ ሒሳብ ውስጥም ሮቢን ሁድ የሚባል አገልጋይ ደመወዝ ይቀበላል። መረጃዎቹ የተገጣጠሙ መሰሉ። ኋላ ግን ጄ. ሲ. ሆልት በ1982 መጽሐፉ እንዳሳየው፣ አገልጋዩ ከንጉሡ ጉዞ አስቀድሞ በሰኔ 1323 ደመወዝተኛ ነበር። የሀንተር ስሕተት ግጥሙን መዝገብ መምረጫ ማድረጉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ በስሙ የተጠራ ኮብላይ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መዝገቡ ስም እንጂ ገድል አይሰጠንም፤ ግጥሙም ገድል እንጂ አድራሻ አይሰጠንም። የሥነ ቃል ተማሪ ትረካው መቼ ጀመረ የሚለውንና ባለታሪኩ ማን ነበር የሚለውን ጥያቄ ለይቶ ይያዝ። ለመጀመሪያው 1262 ወሰን ሆኖ ያገለግላል፤ ሁለተኛው እስካሁን መልስ አላገኘም።