የራሷ አሮባት የሰው ስታማስል

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንላለን። ተረቱ ስድብ ነው። የራስሽን ጓዳ ሳታስተካክዪ የሰው ጓዳ ምን አስገባሽ ነው ነገሩ። ለወጥ ከሆነ ምክሩ ልክ ነው። የተጎዳ ስሜት ላይ ስንመጣ ግን ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። የራሳቸው ያረረባቸው ሰዎች የሌላውን ድስት ከማንም በተሻለ ሲያማስሉ ተገኝተዋል። ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እነማን ናቸው? ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጠዋት ነፍሳቸውን የሚሰጡን፣ ማታ የሚጣሉን። ስልካቸው ሳይነሳ ሲቀር ዓለም የተደፋባቸው የሚመስላቸው። ሲብስባቸው ገላቸውን የሚጎዱ። ሰፈር «ሆደ ባሻ»፣ «አመለኛ»፣ አሁን አሁን ደግሞ «ድራማ ታበዛለች» ይላቸዋል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ብዙዎቹ «የስብዕና መታወክ» የሚል ስም ይሰጣቸዋል። ቃሉን ልብ በሉልን። ስብዕና ማለት እኮ ሰው መሆን ነው። ጨጓራህ ታሟል መባልና ሰው መሆንህ ታሟል መባል ለየቅል ናቸው። በእንግሊዝ ባለፉት ዓመታት ይህ ስም ከተለጠፈባቸው መካከል ብዙዎች «ውስብስብ የስሜት ፍላጎት ያላቸው» መባልን መርጠዋል። ይረዝማል፣ ግን ቢያንስ አይሰድብም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለንደን በቦምብ ትመታለች ተብሎ ስለተፈራ፣ ሞድስሊ የተባለው የአእምሮ ሆስፒታል ከከተማው ወጥቶ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ክፍል በሰሜን ለንደን ዳርቻ ሚል ሂል በተባለ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ ሰፈረ። ማክስዌል ጆንስ የተባለ ወጣት የአእምሮ ሐኪም እዚያ 100 አልጋ ባለው ክፍል ተመደበ። ታካሚዎቹ ወታደሮች ናቸው። ልባቸው በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል። ልባቸው ሲመረመር ግን ምንም የለበትም። ሕመሙ ከጭንቀት የመጣ ነበር።

ጆንስ 100 ሰው አንድ በአንድ ከማስረዳት ሁሉንም ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ስትደነግጡ ሰውነታችሁ እንዲህ ይሆናል፣ ልባችሁ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው፣ አትሞቱም… እያለ። ትንሽ እንደቆየ አንድ ነገር አስተዋለ። ነባሮቹ ወታደሮች ትምህርቱን ለአዲስ ገቢዎቹ ራሳቸው ማስረዳት ጀምረዋል፤ አዲሶቹም ከሐኪሙ ይልቅ እነሱን ይሰማሉ። መቼም አይገርምም። ደረቱን ጨብጦ «ልሞት ነው» ብሎ የሚያውቅ ሰው «አትሞትም» ሲልህና ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሲልህ እኩል አይሰማም።

እኛን የሚገርመን ሌላው ነገር ነው። ጆንስ ያየውን አይቶ አላለፈም። ሥልጣን ያለው ሰው የበታቾቹ ሥራውን ከእሱ በተሻለ ሲሠሩ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ይሄኛው መንገድ ለቀቀላቸው። በ1947 በለንደን ደቡብ፣ ሰተን አካባቢ በሚገኘው ቤልሞንት ሆስፒታል አዲስ ክፍል ከፈተ። አሁን ታካሚዎቹ ወታደሮች አይደሉም። ሥራ የማይበረክትላቸው፣ ከሰው ጋር የማይስማሙ፣ ሌላ ሆስፒታል «አይታከሙም» ብሎ የመለሳቸው ናቸው። ክፍሉ በ1959 ሄንደርሰን ሆስፒታል ተባለ፤ ጆንስም በዚያው ዓመት ለቆ ሄደ። ቤቱ ግን ያለ እሱ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆመ።

ስለ ቤቱ አሠራር ትንሽ እንቆይ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። ጠዋት ጠዋት ታካሚውም ሠራተኛውም አንድ ላይ ይሰበሰባል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው በድምፅ ይወሰናል፤ የሐኪሙ ድምፅ አንድ፣ የታካሚውም አንድ፣ ታካሚዎቹ ደግሞ በቁጥር ይበልጣሉ። የሥራ ክፍፍሉ በምርጫ ነው፤ ስብሰባ የሚመሩትም የተመረጡ ነባር ታካሚዎች ናቸው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት አይሰጥም። አንድ ሰው ራሱን ከጎዳ ጉዳዩ ከሐኪም ጋር በር ዘግቶ የሚያልቅ አይደለም። ማኅበሩ ፊት ይቀርባል፣ ለምን እንዳደረገው ይጠየቃል፣ የሚቆይበትን ነገርም ማኅበሩ ይመክርበታል። ሌሊት የጨነቀው ሰው ሲኖር ድንገተኛ ስብሰባ ይጠራል፤ የተኙት ተነስተው ይመጣሉ።

ሮበርት ራፖፖርት የተባለ አንትሮፖሎጂስት ቤቱን ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ በ1960 መጽሐፍ አወጣ። ቤቱ የቆመባቸውን ሐሳቦች ሲያስቀምጥ ከእኩልነቱና ከመቻቻሉ ጎን አንድ ከበድ ያለ ነገር ጨምሯል፦ ፊት ለፊት መነጋገር። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። የእርስ በርስ ድጋፍ ሲባል ተቃቅፎ መላቀስ ይመስለዋል። ሄንደርሰን ግን ልቅሶ ቤት አልነበረም። «ትናንት በሩን በርግደህ ስትወጣ እኔ ፈርቼ አላደርኩም» ተብሎ ይነገርሃል። የሚነግርህ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ራሱ በር በርግዶ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ እንደ ሐኪም ፍርድ አትወስደውም፤ መልስ ትሰጣለህ፤ ትጣላለህ፤ በማግስቱ ግን አብራችሁ ምሳ ትሠራላችሁ። ሲጣሉ ሁሉም ነገር ለዘላለም የተቆረጠ ለሚመስለው ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ከቤቱ ውጭ ያለው ዓለም ግን ሌላ ነበር። በ1988 ሉዊስና አፕልቢ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ ብልህ ሙከራ አደረጉ። ለአእምሮ ሐኪሞች የአንድ በሽተኛ ታሪክ በጽሑፍ ሰጧቸው። ለአንዳንዶቹ በተሰጠው ወረቀት ላይ ግን በሽተኛው ከዚህ በፊት «የስብዕና መታወክ» ተብሎ እንደነበር ተጨመረ። ሌላው ታሪክ ያው ነው። ያቺ አንዲት ስም ያለችበትን ወረቀት ያነበቡት በሽተኛውን አስቸጋሪ፣ አታላይ፣ ትኩረት ፈላጊ፣ ሕክምናም እምብዛም የማይገባው አድርገው ቆጠሩት። ጽሑፉ ሲታተም ርዕሱ «ሐኪሞች የማይወዷቸው በሽተኞች» የሚል ነበር። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ይህ ስም በሽተኛን ከበር መመለሻ መሆኑ ይቅር የሚል መመሪያ ለማውጣት እስከ 2003 ፈጅቶባቸዋል።

ታዲያ ሄንደርሰንስ? በ2008 ተዘጋ። ምክንያቱ የገንዘብ ነው። ወጪው ከማዕከል መሸፈኑ ቀርቶ እያንዳንዱ አካባቢ ለራሱ ሰው እንዲከፍል ሲደረግ ሰው የሚልክ ጠፋ። መመሪያው ከወጣ አምስት ዓመት አልፎታል! በቃል መቀበልና በበጀት መቀበል እንደማይገናኙ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የራሷ ካረረባት መካከል ግን አንዷን ሳናነሳ አናልፍም። ማርሻ ሊንሃን ይባላሉ፤ ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የንግግር ሕክምና የቀረጹ አሜሪካዊት ፕሮፌሰር ናቸው። በ2011 በአደባባይ ወጥተው በልጅነታቸው ራሳቸውን እየጎዱ ከሁለት ዓመት በላይ ሆስፒታል ተዘግቶባቸው እንደነበር ተናገሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 68 ነበር። ለምን ያን ያህል ቆዩ አንልም፤ «የራሷ አሮባት» የሚለው ተረት እንግሊዝኛም ሳይኖረው አይቀርም።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ወደ ጎንደር እንሂድ። በ1932 ሚሸል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር ጅቡቲ በሚጓዝ የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ ጎንደር ደረሰ፤ ወራትም መልካም አየሁ ከተባሉ ባለዛርና በዙሪያቸው ከተሰበሰቡ ሴቶች ጋር አሳለፈ። ቆየት ብሎም ስለ ጎንደር የዛር ሥርዓት መጽሐፍ ጻፈ። በ1958 ደግሞ ሳይመን መሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ስለዚያው የዛር ማኅበር ሲጽፍ በርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ቃል «የቡድን ሕክምና» የሚል ነበር። ቤልሞንት ገና ሄንደርሰን ሳይባል ማለት ነው።

ዛር ጥሩ ነው ልንል አልመጣንም። ባለዛሩ በሴቶቹ ጉልበትና ገንዘብ እንደሚኖር፣ የዛሩ ግብር ቤት እንደሚያራቁት እናውቃለን፤ ሃይማኖታችሁ የሚለውንም አልረሳንም። አሠራሩን ብቻ እዩልን። አስታማሚዋ ራሷ ታማ ያለፈች ናት። ዛሩ እንዲወጣ አይደበደብም፤ ስምህ ማነው፣ ምን ትፈልጋለህ ተብሎ ይጠየቃል፣ ይለመናል፣ ይላመዳል። የታመመችው ሴት «ድነሻል፣ ሂጂ» አትባልም፤ የማኅበሩ አባል ሆና ቡና እየጠጣች ትቀራለች። መሲንግ እንደጻፈው አብዛኞቹ ባለትዳር ሆነው የተዘነጉ፣ የሚሰማቸው ያጡ ሴቶች ነበሩ። በራሷ ስም ብትቆጣ «አመለኛ» የምትባል ሴት በዛሯ ስም ስትቆጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያደምጣታል።

ዛሬ ከተማ ያደግነው ልጆች ዛር ቤት አንሄድም፤ ደግሞም አያስፈልገንም። ችግሩ በቦታው የተተካ ነገር አለመኖሩ ነው። ዕድር አለን፤ ግን ዕድር የሚያውቀው ሞትን ነው። ስንሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። በሕይወት እያለን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለከፋን ግን ጡሩምባ የሚነፋ የለም። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር በአገራችን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በየሰፈሩ በየሳምንቱ የሚገናኝ ትንሽ ክበብ ግን ሌላ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል ለምትሉን፣ ግሮው የተባለው የአውስትራሊያ ማኅበር በ1957 ሲድኒ ላይ ሲጀመር ጀማሪዎቹ ከአእምሮ ሕመም ያገገሙ ሰዎች ነበሩ። የሚሰበሰቡበት ቢያጡ የመጠጥ ሱሰኞች የእርስ በርስ መረዳጃ ስብሰባ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከዚያ የራሳቸውን መሠረቱ። ክፍል፣ ቋሚ ቀን፣ ሁሉም የተስማማበት ደንብ ያስፈልጋል። ከሄንደርሰን የምንወስደው አንድ ደንብ ቢኖር አንድ ሰው ብቻውን ሌላውን አይሸከም የሚለው ነው፤ ሌሊት የሚደወልለት ሁልጊዜ ያው ሰው ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም ይታመማሉ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ክበቡ ሐኪም አይሆንም። አብሮት ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወረፋውን አብሮ ይጠብቃል፣ ሲወጣም ቦታውን ይዞ ይቆየዋል።