ከደጅ ጥናት እስከ ደርግ፦ ተጠባባቂው ወታደርና የሕግ አውጪው ደጃፍ



ንግግሬን በአንድ ስም ልጀምር። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአራተኛ ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያ የተሰበሰቡት ወታደሮች ራሳቸውን የጠሩት «የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ» ብለው ነው። እኛ «ደርግ» ብለን አሳጠርነው። ስናሳጥረው ታዲያ የስሙ መጨረሻ ከአእምሯችን ወጣ። ብሔራዊ ጦር ማን ነበር? ከነጻነት በኋላ በአብዛኛው ከአርበኞች የተውጣጣ፣ ከመደበኛው ሠራዊት ጎን የቆመ ተጠባባቂ ኃይል ነበር። ስለ ደርግ በጻፍናቸው በርካታ ጥናቶች ውስጥ ስለ መኮንኖቹ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ወገን ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ሲጠራ ወታደር፣ ሲመለስ ገበሬ የሆነው ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ሕግ አውጪውን የተናገረው በምን መንገድ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በታሪካችን ሁለት መንገዶች ነበሩት፤ አንደኛው ደጅ ጥናት፣ ሁለተኛው መንግሥት መያዝ። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም በማኅበር ተደራጅቶ በአደባባይ ሕግ አውጪውን መወትወት፣ ሥር ሳይሰድ ቀረ። የዚህንም ዋጋ የከፈለው ወታደሩ ብቻ አይደለም።

ከቅርባችን እንነሣ። በአንኮበር ቤተ መንግሥት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ የሸዋ ጦር ጥቂት የቤተ መንግሥት ነፍጠኞች ነበሩት፤ የሚበዛው ግን በአዋጅ የሚከት ገበሬ ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል፤ ዘመቻው ሲያበቃ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። በመሬትና በአገልግሎት መካከል የነበረው ውል በወረቀት የሰፈረ አልነበረም፤ በልማድና በንጉሡ ቃል የጸና ነበር። ውሉ ፈረሰብኝ የሚል ሰው የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው፤ እርሱም የንጉሡ ደጅ ነው። አቤቱታው የግለሰብ ነው፤ ፍርዱም የግለሰብ ነው። አንድ ሰው ቢረታ ከጎኑ ለዘመተው ጎረቤቱ የሚተርፍ ሕግ አይወጣም።

ይህ ልማድ ከዘመናዊው መንግሥት መምጣት ጋር አልቀረም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያለፈው በዚሁ በእኛ መንገድ ነው። በጫጫ አካባቢ አደጋ ጥሎ ከተዋጋቸው መካከል ዛሬ በከተማችን የሚገኘው ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው ኃይለ ማርያም ማሞ አንዱ ነበር። ራስ አበበ አረጋይም በመንዝና በአካባቢው ተራሮች አምስቱን ዓመት ተዋግተዋል። ነጻነት ሲመለስ ራስ አበበ የጦር ሚኒስትር ለመሆን በቁ። አብሯቸው የዋለው ተራ አርበኛ ግን አቤቱታ ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ወረደ።

አያቴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ከአንኮበር ተነሥተው ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ በቤታችን የሚነገረው ቁጥር እንደ ተራኪው ይለያያል። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ሥር የሚቀመጥ፣ ማኅተም ያረፈበት የአቤቱታ ወረቀት። አንድ መሥሪያ ቤት «ይቅረብ» ብሎበታል፤ ሌላው «ይጠብቅ» ብሎበታል። አያቴ ወረቀቱን ለእንግዳ ሲያሳዩ ምሬት አልነበረባቸውም፤ የሚያሳዩት እንደ ሜዳልያ ነበር። እኔም ታሪክ ካጠናሁ በኋላ ነው ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ያየሁት። በወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት መስጠቱ የታወቀ ነው። መለኪያው ጋሻ ነበር፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ነገር ግን መሬቱ ከየት መጣ? ሰሜን ሸዋ በአብዛኛው የርስት አገር ነው፤ እዚህ የሚታደል ሰፊ መሬት አልነበረም። የተሰጠው በአብዛኛው በደቡብና በምዕራብ «የመንግሥት መሬት» ተብሎ የተመዘገበው ነው። በዚያ መሬት ላይ ግን ሰው ነበረበት፤ ያርስ ነበር። ስለዚህ ለአንኮበሩ አርበኛ ውለታ የሆነው ወረቀት ለዚያ አራሽ የጭሰኝነት ወረቀት ሆነ። ደጅ ጥናት ያለው ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። በደጁ የሚቆመው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ከፋዩ በዚያ የለም። ጉዳዩ በሕግ መወሰኛ ሸንጎ ፊት በግልጽ ክርክር ቢቀርብ ኖሮ ቢያንስ የሁለቱም ስም በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር።

«ፓርላማ አልነበረም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ተመረጡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለማኅበራት ቦታ ሰጥቷል። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ለእጩነትም የንብረት መመዘኛ ነበረ። ተጠባባቂው ወታደር ስለ መሬት፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ቆሰለ አካሉ ከእንደራሴው ይልቅ ወደ ቤተ መንግሥት ማመልከትን መረጠ፤ ውሳኔው የት እንዳለ ያውቅ ነበርና።

1966 ዓ.ም. ሲመጣ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። ከነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች አቤቱታ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ አቤቱታው ኮሚቴ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በዚያ ዓመት ድሩ አበረ፤ ነገር ግን አንበሳውን ብቻ ሳይሆን ፓርላማውንም አሰረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም ዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። ለሕግ አውጪው ጥያቄ ሊያቀርብ የተደራጀው ወታደር ራሱ ሕግ አውጪ ሆነ።

ታዲያ በስሙ መጨረሻ የተጠቀሰው ተጠባባቂ ምን አገኘ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ አወጣ፤ ይህ ለዘመናት የተጠየቀ ፍትሕ ነበር። ለአርበኛ የተሰጠውንም መሬት በዚያው ቀን አነሣ። አሰጣጡም አነሣሡም ያለ ሸንጎ ክርክር የተፈጸመ ነው። የድል በዓሉ እንኳ ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 በአዋጅ ተዛወረ፤ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. ገበሬው በእናት ሀገር ጥሪ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ተጓዘ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ዜጋ ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ካስገደደ በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ አደረገው። የሸንጎው ምሥረታ ገና ከዓመታት በኋላ ነው። አንድን ትውልድ በሙሉ ተጠባባቂ ያደረገው ሕግ ሲወጣ ተጠባባቂው የሚናገርበት ምክር ቤት አልነበረም ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም ወደ 455 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ቀያቸው ተመለሱ፤ ዕጣቸውን የወሰነው በኮሚሽን የተመራ የማቋቋሚያ ሥራ ነበር።

ንጽጽር እንዲረዳን ወደ ውጭ እንመልከት። በአሜሪካ የተጠባባቂ መኮንኖች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በተመለሱ መኮንኖች ነው። በ1950 ኮንግረሱ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ሥራው አዛዥነትም ልመናም አይደለም፤ የሕግ ረቂቅ ያጠናል፣ ለኮሚቴዎች የምስክርነት ቃል ይሰጣል፣ የአባላቱን ድምፅ ያሰባስባል። በዚያ አገር የተጠራ ተጠባባቂ ሲመለስ የቀድሞ ሥራውን የማግኘት መብት በሕግ የተጠበቀ ነው። ይህን ስል ያ ሥርዓት እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ የተደራጀ ወገን ካልተደራጀው ይልቅ የሚደመጥበት አገር ነው። ቢሆንም ማኅበሩ የሚናገረው ሌላውም በሚናገርበት ክፍል ውስጥ ነው። አያቴ የቆሙበት ደጅ ግን እንዲህ አልነበረም።

እኛም ማኅበር አላጣንም። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር የአርበኞችን ዝክር ጠብቆ አቆይቷል፤ ሚያዝያ 27 በአራት ኪሎ ሐውልት ሥር ሲከበር የምናየው የዚህን ድካም ፍሬ ነው። ዝክርን መጠበቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ስለ ነገው ዘማች ሕግ መወትወት ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡና እንዲወተውቱ በሩን ከፍቷል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና በተቃረበ ጊዜ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ዳግም ተጠርተዋል። ከእነዚህ መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡ ይኖራሉ። ሲጠሩ በአዋጅ ተጠሩ፤ ሲመለሱስ ጥያቄያቸውን በምን ያቀርባሉ? እንደ አያቴ በአንድ ስም በተጻፈ ወረቀት ነውን?

ለዚህ የምጠቁመው መፍትሔ በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች የታጠረ ነው። ማኅበሩ መሣሪያውን ከስብሰባው ውጭ ይተው፤ 1966 ያስተማረን ይህን ነው። ጥያቄውን በአደባባይና በጽሑፍ ያቅርብ፤ ከፋዩም እንዲሰማው። ምክር ቤቱም አቤቱታን ወደ አስፈጻሚው የሚያሳልፍ ደጅ ጠባቂ ከመሆን ይልቅ ራሱ የሚከራከርበት ሸንጎ ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወይ ወደ ደጅ ጥናት፣ ወይ ወደ ኮሚቴው እንመለሳለን።

የአያቴ ወረቀት ቤቱ ሲታደስ ጠፍቷል። ለታሪክ ተማሪዎቼ ግን አንድ የቤት ሥራ ልስጥ፤ በየቤታችሁ ማገር ሥር ያለውን ተመሳሳይ ወረቀት ፈልጉ፣ ገልብጡ፣ ወደዚህ አምጡ። አንድ ላይ ሲነበቡ ምን ዓይነት ሕግ ይጠይቁ እንደነበር ያኔ እናያለን።