ኮንሰርቲና፦ ከስደተኛ ጋር የተጓዘች ሣጥን

አገሩን ለቆ የሚሄድ ሰው ሁሉን ይዞ አይሄድም። በጓዙ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ቦታ የሚያገኘው ትንሽ፣ ቀላልና ዋጋው ከአቅም በላይ ያልሆነ እንደሆነ ነው። ይህን መስፈርት በሚገባ ካሟሉት መሣሪያዎች አንዷ ኮንሰርቲና ናት። ታሪኳን ማወቅ ለመግዛት ለሚያስብም ሆነ ሙዚቃ ለሚወድ ሁሉ ይጠቅማልና ባጭሩ እናቀርባለን። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንሰርቲና የአኮርዲዮን የቅርብ ዘመድ ናት። በሁለት እጅ መካከል የምትያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ስድስት ማዕዘን ሣጥን ስትሆን፣ መካከሏ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። በግራና በቀኝ ጫፏ ትንንሽ ቁልፎች አሏት። ቁልፉ ሲነካ የወናፉ አየር በቀጭን የብረት ምላስ ላይ ያልፋል፤ ምላሱም ተርገብግቦ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ጥበብ ለአውሮፓ አዲስ ቢሆንም፣ ቻይናውያን ሼንግ በሚባለው የትንፋሽ መሣሪያቸው ከብዙ ዘመናት በፊት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

በ1829 ሲሪል ዴሚያን በቪየና አኮርዲዮንን በስሙ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዊትስቶን በለንደን ኮንሰርቲና የተወለደችበትን ሲምፎኒየም የተባለ በአፍ የሚነፋ መሣሪያ አስመዘገበ። ዊትስቶን የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ልጅና የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ በ1837 ከዊሊያም ኩክ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ያስመዘገበውም እሱ ነው። በ1844 ያስመዘገበው የኮንሰርቲና አሠራር ወናፉ ቢሳብም ቢገፋም አንዱ ቁልፍ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥበት ነው። «እንግሊዝ» የሚባለው ዓይነት ይህ ነው። የተለመደው 48 ቁልፎች ያሉት ሲሆን፣ በሠለጠነ እጅ እንደ ቫዮሊን የረቀቀ ዜማ ይወጣዋል። ነገር ግን ውድ ነበርና በመጀመሪያ የገባው በባለጸጎች ሳሎንና በኮንሰርት አዳራሽ ነው።

በሌላ በኩል ካርል ፍሪድሪክ ኡህሊግ በጀርመን አገር በኬምኒትዝ ከተማ በ1834 ሌላ ዓይነት ሠርቶ ነበር። በእሱ አሠራር አንዱ ቁልፍ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ ልክ እንደ አፍ ሃርሞኒካ። አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ርካሽ ስለነበረ የጀርመን ኮንሰርቲናዎች በጥቂት ሽልንግ እየተሸጡ በሠራተኛው ሕዝብ እጅ ገቡ። ከዚያም የለንደን ሠሪዎች የጀርመኑን አሠራር ከእንግሊዙ ጥራት ጋር አዋህደው «አንግሎ» የሚባለውን አወጡ። የታንጎ ሙዚቃ ነፍስ የሆነው ባንዶኔዮንም የዚሁ የጀርመኑ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ባሕር ተሻግሮ ቦነስ አይረስ ገብቶ ነው ስም ያገኘው።

እንግዲህ ልብ የሚነካው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሲስፋፋ ከዙሉ ምድርና ከሌሶቶ ቀዬአቸውን ጥለው ለሥራ የሄዱ ወጣቶች ኮንሰርቲናን የጉዞ ጓደኛቸው አደረጓት። በእግር እየሄዱ ይጫወቱባት ነበር። ዙሉዎቹ የውስጧን ምላሶች ከራሳቸው ዜማ ጋር እንዲስማሙ እስከ መለወጥ ደርሰዋል፤ ማስካንዳ በሚባለው ሙዚቃቸውም እስከ ዛሬ ትሰማለች። በ2019 ያረፈው ጆኒ ክሌግ ነጭ ሆኖ ሳለ የዙሉ ሙዚቃን የተማረው ከእነዚሁ ስደተኛ ሠራተኞች ነው፤ ከጊታሩ ጋር ኮንሰርቲናም ይጫወት ነበር።

በአየርላንድ ምዕራብ፣ በክሌር አውራጃ ደግሞ ኮንሰርቲና የገጠር ቤት ዕቃ ሆነች። በተለይ ሴቶች በማዕድ ቤታቸው ለጭፈራ ይጫወቱባት ነበር። በኪልረሽ ከተማ መጠጥ ቤት የነበራት ኤልዛቤት ክሮቲ (1885–1960) በ1950ዎቹ በአየርላንድ ሬዲዮ ተሰምታ ዝናዋ በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኮርዲዮን፣ ግራሞፎንና ሬዲዮ ሲበዙ ብዙዎች ኮንሰርቲናን ሲተዉ፣ በክሌር ግን ከእናት ወደ ልጅ ስትተላለፍ ቆየች። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የሕዝብ ሙዚቃ እንደገና ሲፈለግ ወጣቶቹ መምህር ያገኙት እነዚህን አዛውንቶች ዘንድ ነው።

ታዲያ ዛሬ መግዛት የሚፈልግ ምን ይምረጥ? መጀመሪያ የሚጫወተውን ሙዚቃ ይወስን። ለጭፈራ ምት አንግሎ ይመቻል፤ የተለመደው ባለ 30 ቁልፍ ነው። በማንኛውም ቅኝት ለሚዘፍን ሰው ማጀቢያ እንግሊዙ ይሻላል። በግራ እጅ አጃቢውን፣ በቀኝ ዜማውን ለብቻ ለይቶ ለመጫወት «ዱዌት» የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ። አሮጌ ከሆነ ምንም ቁልፍ ሳይነኩ አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላውን ማንጠልጠል ነው፤ ወናፉ ቶሎ ከተዘረጋ አየር ያፈሳል ማለት ነው። ምላሶቹ ከብረት ይሁኑ ወይስ ከነሐስ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የብረቱ ቅኝቱን ይዞ ይቆያል። ከድሮዎቹ አንዳንዶቹ ከዛሬው ከፍ ብለው የተቃኙ ስለሆኑ ከሌላ መሣሪያ ጋር አይስማሙም፤ ይህንንም አስቀድሞ ማጣራት ነው።

«ለእኛ ዜማ ትሆናለች ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንግሎ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል በመግፋት፣ ሬና ላ በመሳብ ይገኛሉ፤ እነዚህ አምስቱ ደግሞ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ወናፍ ላላቸው መሣሪያዎችም እንግዳ አይደለንም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ መጥቶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ የወጣትነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ የአገር ዜማ በካሴት አወጣ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም በመላው ዓለም ተደማጭነት አገኘ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው መሣሪያ በፋብሪካ ብቻ እንደማይኖር ነው። የለንደኑ ሳሎን ኮንሰርቲናን ረሳት፤ የክሌር ማዕድ ቤትና የማዕድን ሠራተኛው መንገድ ግን አኖሯት። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለው ክራርና ማሲንቆም ዕጣው እንዲሁ ነው። በአካባቢያችን የሚጫወቱ አባትና እናት ሳሉ፣ ልጅን አጠገባቸው አስቀምጦ አንድ ዜማ ማስያዝ መሣሪያውን ከመግዛት ይቀድማል።