ካሴቱ ላይ ያለው የወፍ ድምፅ

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ቤይሩት ስትደበደብ እህቴ እዚያ ነበረች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። እኔ ደግሞ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፣ ስጨነቅ ኮድ እጽፋለሁ። የቴሌግራም ቻናሎችን በየአምስት ደቂቃው እየፈተሸ «ዳሂዬ» የሚል ቃል ባየ ቁጥር ስልኬን የሚያስጮህ ትንሽ ስክሪፕት ሠራሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ከአርባ ጊዜ በላይ ጮኸ። ጠዋት ስደውል እህቴ ተኝታ ነው ያደረችው።

ማታ ማታ ኪቦርድ መነካካት የቆየ ልማዴ ነው። ሄድፎን አድርጌ በትዝታ ቅኝት የመጣልኝን እጫወታለሁ፣ ደስ ካለኝ እቀዳዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን አራት ኖታ ሳልጫወት እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ደግሞም አፈርኩ። እሷ ፍንዳታ እየሰማች አንተ ሙዚቃ? የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ በደንብ ያነበብኩት ያኔ ነው።

እማሆይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኗቸው ነው። እኔ ራሴ ኮድ ስጽፍ ከኋላ አደርጋቸዋለሁ። ያ እርጋታ ዓለምን ካለማወቅ፣ ከገዳም ጸጥታ የመጣ ይመስለኝ ነበር። የሕይወታቸውን ዓመታት በተርታ ሳስቀምጥ ግን ሌላ ሰው አገኘሁ።

በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፣ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ገባ። በ1929 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው መጀመሪያ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አካባቢ ወዳለችው መርኮልያኖ ተወሰዱ። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች ተገድለዋል። ያኔ ገና የአሥራዎቹ ልጅ ናቸው። የዓለም ዜና እሳቸውን ቤታቸው ድረስ መጥቶ ነው የወሰዳቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል አግኝተው ሳለ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። በሐዘን ምግብ አቆሙ፣ ታመሙ፣ ከዚያ በሃያ አንድ ዓመታቸው ግሸን ማርያም መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ። የመጀመሪያ ዲስካቸው በጀርመን የወጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የደርግ ዘመን ካሴቶቻቸው ነው። ቀይ ሽብር በነበረበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ እማሆይ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘፈኑ ራሳቸውን በካሴት ይቀዱ ነበር። አዎ፣ እየዘፈኑ። ስቱዲዮ የለም፣ አሳታሚ የለም፣ የሚጠብቅ አድማጭ የለም። ውጭ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሬዲዮ የተገደሉ ሰዎችን ስም «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» እያለ የሚያነብበት ጊዜ ነው። ቅጂዎቹ በአልበም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ እሳቸው በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ባረፉ በዓመቱ።

ስሙት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ፒያኖው ይሸፍነዋል። ከኋላ በመስኮት የሚገባ የወፍ ድምፅ አለ። እኔ እንደ ልማዴ፣ መሐንዲስ ነኝ ብዬ፣ ኖይዝ በሚያጠፋ ሶፍትዌር ላጸዳው ሞከርኩ። የካሴቱ ሽውታ ጠፋ፤ ወፉም አብሮ ጠፋ። ፒያኖው የትም ያልነበረ ቤት ውስጥ የተመታ መሰለ። ወዲያው መለስኩት። ያ መስኮት የአዲስ አበባ መስኮት ነው፣ ክፍት ነው፣ በዚያ ዓመት።

በነገራችን ላይ እዚህ ጋ አንድ ክርክር ከራሴ ጋር ነበረኝ። ፒያኖ ያለው ቤት ስንት ነበር? ልጁን ፍለጋ የሚዞር እናት ካሴት አይቀዳም። ደግሞ የእማሆይ ታላቅ እህት ስንዱ ገብሩ በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ እንደ እሳቸው አደባባይ የሚወጣም ያስፈልጋል። ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። ብቻ ካሴቶቹን ስሰማ ከዜና የሸሸ ሰው አልሰማም። ዘፈኖቹ ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ ስለ ናፍቆት ናቸው። አንዱ በርዕሱ ያለህበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና ብሎ ይጠይቃል። ከዜናው ሁሉ የቀረላቸው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚቀርብ፣ መልስ ሊያገኝ የሚችል። እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ራሳቸውም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ።

ስክሪፕቱን አላጠፋሁትም፣ ዋሽቼ ምን ላደርግ። ግን ቀየርኩት፦ አሁን የሚጮኸው እህቴ ራሷ ስትጽፍ ብቻ ነው። በቀን ሁለቴ እጠይቃታለሁ። ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ምን በላሽ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ እመቤትየዋ ምን አለች። የሚያስፈራው ነገር ካለ እዚያው መሐል ይመጣል። አንድ ቀን «ማሙሽ፣ ዛሬ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ» ብላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቀጠለች። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ኪቦርዱን ከፈትኩ።

በዚያ ማታ ሄድፎኑን አወጣሁ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ትዝታ ቀድቼ ላክሁላት። መሐሉ ላይ ሁለት ቦታ ስቻለሁ። መልሷ በማግሥቱ በድምፅ መጣ። ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል የለም። «ይሄ የሚጮኸው የነማን ውሻ ነው? የእትዬ ዘነበች ነው እንዳትለኝ፣ እስካሁን አለ?»