ጋቶች ፓኖም ማካቻካላ ሲደርስ

ስለ ወጣት ተጫዋች ስናወራ ወሬያችን ሁሉ እግሩ ላይ ነው። ግራ እግሩ እንዴት ነው? ቁመቱስ? ጉልበቱስ? ልጁ አንድ ቀን ከሜዳ ሲጠፋ ደግሞ ፍርዱ ዝግጁ ነው፤ «ሰነፈ»፣ «ዝና አናቱ ላይ ወጣበት»፣ «ድሮም አይችልም ነበር»። የተቀጠረበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ ቤቱን እንይ።

ጋቶች ፓኖም በእ.ኤ.አ. 1994 ጋምቤላ ውስጥ ተወለደ። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን ያስጠራው በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ ነው። ረጅም፣ ጉልበታም፣ ከተከላካዮች ፊት ቆሞ ኳስ የሚነጥቅና የሚያከፋፍል አማካይ። ይህ ቦታ ለወጣት ከባድ ነው። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ካገባ ይጨበጨብለታል፤ አማካዩ ግን አንድ ኳስ ሲቀማ ጎል ይቆጠርበታል። በሰኔ 2017 (እ.ኤ.አ.) በ22 ዓመቱ ከሩሲያ ፕሪሚየር ሊጉ አንዢ ማካቻካላ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። አገር ጉድ አለ። ከጋምቤላ ተነስቶ ካስፒያን ባሕር ዳር!

አሁን ወደ ቤቱ። አንዢ የዳግስታን ክለብ ነው። በ2011 ቢሊየነሩ ሱሌይማን ኬሪሞቭ ገዛውና ገንዘብ እንደ ጎርፍ ገባ። ሮቤርቶ ካርሎስ መጣ፤ ሳሙኤል ኤቶ በዓለም ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ መጣ፤ አሰልጣኙ ጉስ ሂዲንክ ሆነ። በ2012/13 ውድድር ዘመን ክለቡ በሩሲያ ሊግ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በነሐሴ 2013 ባለሀብቱ በጀቱን ቆረጠው። ኮከቦቹ በሳምንታት ውስጥ ተሸጡ፤ በ2014 ቡድኑ ወረደ። በ2015 ተመልሶ ቢያድግም የድሮው ገንዘብ አልተመለሰም፤ በ2016 መጨረሻ ኬሪሞቭ ክለቡን ሸጦ ወጣ።

እንግዲህ የእኛ ልጅ የገባው ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ደጋሹም ሄዶ። ውድድሩ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነሐሴ 2017 ላይ አሰልጣኙ አሌክሳንደር ግሪጎሪያን ለቀቀና ቫዲም ስክሪፕቼንኮ ተተካ። ላለመውረድ የሚታገል አሰልጣኝ ደግሞ የሚያስበው የቅዳሜን ነጥብ ነው። ቋንቋውን ገና የሚለምድ፣ ብርዱን ገና የሚላመድ የ22 ዓመት አማካይ በእንዲህ ያለ ቤት «ቀስ እያልክ ድረስ» የሚለው ሰው አያገኝም። ጋቶች ዓመቱ ሳያልቅ በ2018 መጀመሪያ ከክለቡ ተለያይቶ ወደ አገሩ ተመለሰና ለመቀሌ ከተማ ፈረመ። የሦስት ዓመቱ ውል በወራት አለቀ።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው፤ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚያቀብል በሰከንዶች ይወስናል፤ ሌሎቹ ደግሞ እስኪወስን ድረስ ይከላከሉለታል። በ2002 አዲስ የተመሠረተው ሂዩስተን ቴክሳንስ ዴቪድ ካር የተባለ ወጣት ከሁሉም አስቀድሞ መረጠና ወዲያው አሰለፈው። የሚከላከሉለት ደካሞች ስለነበሩ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 76 ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተዘረረ። ቡድኑ ከ16 ጨዋታ 4 አሸነፈ። ካር በሂዩስተን በቆየባቸው አምስት ዓመታት ቡድኑ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት አንድም ዓመት የለም። በተቃራኒው ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2005 የመረጠውን አሮን ሮጀርስ ሦስት ዓመት ከአንጋፋው ብሬት ፋቭ ጀርባ አስቀምጦ አስተማረው። በ2008 ቦታውን ተረከበ፤ በየካቲት 2011 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ሮጀርስ በሂዩስተን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መልሱን ማንም አያውቅም፤ ጥያቄው ግን ካርን «አይችልም ነበር» ከማለት ያግደናል።

ከእኛም ሰፈር ምሳሌ አለ። የሐዋሳው ልጅ ሽመልስ በቀለ በ2014 ወደ ግብጹ ፔትሮጄት ሄደ። ፔትሮጄት ዋንጫ የሚለቅም ትልቅ ክለብ አልነበረም፤ የነዳጅ ኩባንያ ቡድን ነው። ሽመልስ ግን ዓመታት ቆየበት፤ በየሳምንቱ ተሰለፈ፤ የብሔራዊ ቡድናችን መሪ ሆኖ በሰለ። የጋምቤላው አጥቂ ኡመድ ኡኩሪም በዚያው ዓመት ግብጽ ገብቶ በተለያዩ ክለቦች ተጫውቷል። ካይሮና እስክንድርያ እንደ ሩሲያ ለወሬ አይመቹም። ለመጫወት ግን ተመቹ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ፑኝዶን እያሰብኩ ነው። ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ የጎግ ወረዳ ከተማ ናት። ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አለባት። ከዚያም በፊት፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ከሱዳን ጦርነት ያመለጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተጠልለውባት ነበር፤ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ጊሎን ተሻግረው ዳግመኛ ተሰደዱ። ማለትም በዚህች ከተማ የልጅ ዕድል በእግሩ ሳይሆን ባረፈበት ቤት ጽናት እንደሚወሰን ከኳስ በፊትም ይታወቃል።

«የፑኝዶ ልጅ ክለብ የመምረጥ ዕድል አለው እንዴ? የመጣለትን ይዞ መሄድ ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ልጁ አይመርጥም። ለዚህም ነው ጥያቄው የወኪሉ፣ የላኪው ክለብና የፌዴሬሽኑ መሆን ያለበት። ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ገንዘቡ የአንድ ሰው ኪስ ነው ወይስ የተቋም? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት አሰልጣኝ ተባረረ? በልጁ ቦታ ከፊቱ የሚያስተምረው አንጋፋ አለ? እነዚህ በ2017 ስለ አንዢ ቢጠየቁ መልሳቸው በጋዜጣ የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ነበር።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። አንዢ በ2019 ዳግመኛ ወርዶ በገንዘብ እጦት ሦስተኛ ዲቪዚዮን ገባ፤ በ2022 ፈረሰ። ጋቶች ፓኖም ደግሞ በዚያው 2022፣ በጥር ወር፣ ካሜሩን ላይ ከዋልያዎቹ ጋር በአፍሪካ ዋንጫ ቡድን ውስጥ ነበር።