ከምትዞር ኮከብ የመጣ ድምፅና የአንዲት ተማሪ ትጋት

በፎገራ ሜዳ ሌሊት ቆሞ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው የሚያየው የከዋክብትን ብርሃን ብቻ ነው። ነገር ግን ዐይን የማያየው የራዲዮ ሞገድም ከከዋክብት ይመጣል። የዚህም ታሪክ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆስሊን ቤል በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። የራዲዮ ቴሌስኮፑ በየቀኑ 30 ሜትር ያህል ወረቀት ይጽፍ ነበር፤ እርሷም ይህን ሁሉ ስትመረምር አንዲት ትንሽ ጭረት አየች። ጭረቷም በየ1.337 ሴኮንዱ ሳያዛንፍ የሚመላለስ ምት ሆና ተገኘች። መምህሯ አንቶኒ ሂዊሽ በመጀመሪያ የሰው ሥራ መስሏቸው ነበር፤ እርሷ ግን ነገሩን አልተወችውም።

በ1968 ቶማስ ጎልድ ምንጩ የሚዞር ኒውትሮን ኮከብ መሆኑን አስረዱ። ይህ ኮከብ ከፀሐይ ይከብዳል፤ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ሰው በእግሩ በግማሽ ቀን የሚያቋርጠው መንገድ ነው።

ታዲያ ድምፁ ከምን ይነሣል? ጎልድራይክና ጁልያን በ1969 እንዳስረዱት፥ ማግኔታዊው ኮከብ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶችን ከገጹ ይነቅላል፤ ዙሪያውም ፕላዝማ በሚባል ነገር ይሞላል። ሩደርማንና ሰዘርላንድ ደግሞ በ1975 ፈጣኑ የቅንጣት ጅረት በዝግተኛው ውስጥ ሲያልፍ ፕላዝማው እርጋታውን እንደሚያጣ ገለጹ። ርብ ሲሞላ ደራሹ ውሃ ዝግተኛውን ደርሶ ማዕበል እንደሚያስነሣ ያለ ነው። ያን ጊዜ ቅንጣቶቹ በየቡድኑ ተሰብስበው ሞገዱን ባንድነት ይልካሉ። ሕዝብ በየፊናው ቢያጨበጭብ ጫጫታ ነው፤ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ግን ከሩቅ ይሰማል። ስለ ዝርዝሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ይህ ዓይነት ነገር ከአገራችን ሰማይም የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በምድር ማግኔት ወገብ ላይ ስላለች፥ ከበላይዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። በዚያም ኤሌክትሮኖች ከሌሎች ቅንጣቶች ፈጥነው ሲያልፉ ፕላዝማው ይታወካል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም ከ1958 አንሥቶ የምድርን ማግኔት ሲመዘግብ የዚሁ ጅረት ምልክት በመዝገቡ ላይ ታይቷል።

በ1974 የኖቤል ሽልማት ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ ጆስሊን ቤል አልተካፈለችም። በ2018 ግን ሦስት ሚሊዮን ዶላር ተሸለመች፤ ገንዘቡንም ዕድል ላነሳቸው የፊዚክስ ተማሪዎች መማሪያ ሰጠችው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በደብተራችን ላይ ያልጠበቅነው ውጤት ሲወጣ ለመሰረዝ አንቸኩል፤ አስቀድመን እንመርምረው።