በቤዚክ ቋንቋ የእጀታ ስያሜ ታሪክ

በአሜሪካ አገር፥ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፥ በሃኖቨር ከተማ በሚገኘው በዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ፥ የኮምፒዩተር ጥበብ ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ የተገለጠ ምሥጢር ሆኖ እንዳይቀር አስበው፥ ሒሳብ ያልለመደ ተማሪ እንኳ በጥቂት ጊዜ ሊያጠናው የሚችል ቤዚክ የተባለ ቋንቋ አዘጋጁ፤ ይህም ቋንቋ ሜይ 1 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሥራውን ጀመረ። ነገር ግን መምህራኑ በስም አወጣጥ ረገድ ቆጣቢዎች ነበሩ፤ ለአንድ ተለዋዋጭ የሚሰጠው ስም አንድ የላቲን ፊደል፥ ወይም አንድ ፊደልና አንድ አኃዝ ብቻ ይሆን ዘንድ ስለ ደነገጉ፥ የሚገኙት ስሞች ሁሉ ቢደመሩ ከ286 አይበልጡም ነበር።

ቢል ጌትስና ፖል አለን በ1975 አልቴር ለተባለው ኮምፒዩተር ያዘጋጁት ቤዚክ እየሰፋ ሄዶ ወደ ብዙ የቤት ኮምፒዩተሮች በገባ ጊዜም ስስቱ አልቀረም። በኮሞዶር 64 ላይ ጸሐፊው ረዘም ያለ ስም ቢያወጣም መኪናው የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሳላሪ የተባለው ደመወዝና ሴልስ የተባለው ሽያጭ በላቲን ሲጻፉ በአንድ ዓይነት ሁለት ፊደላት ይጀምራሉና፥ አንዱ የሌላውን ዋጋ ይደመስሰው ነበር። ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ተራ ተለዋዋጭ ከተመደቡት 7 ባይቶች ለስም የተተዉት 2 ብቻ በመሆናቸው ነው።

ፋይል ሲከፈት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ፕሮግራሙ የከፈተውን ፋይል የሚይዝበት እጀታ ስም ሳይሆን ቁጥር ነበር፤ ጂ ደብልዩ ቤዚክም በተለምዶ 3 ፋይሎችን፥ ሲታዘዝም እስከ 15 ድረስ በአንድ ጊዜ ይፈቅድ ነበር። ቁጥር ለሰው ልቡና ምንም አይነግርም፤ ሦስተኛው የደንበኞች መዝገብ ይሁን የዕዳ መዝገብ ጸሐፊው ራሱ ማስታወስ አለበት። ይሁን እንጂ ቁጥር ይሰላል፤ ከአንድ እስከ አሥር በሚዞር ድግግሞሽ ውስጥ አሥሩን ፋይሎች በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል። ይህን ጥቅም ብዙዎች ያስተዋሉት ካጡት በኋላ ይመስለኛል።

መስኮትና አዝራር በመጡበት ዘመን፥ በ1992 ካርል ጉንዴል ያወጣው ሊበርቲ ቤዚክ ለፋይልም ለመስኮትም በዲዬዝ ምልክት የሚጀምር ስም የያዘ እጀታ ሰጠ። ንባቡ እጅግ ቀለለ፤ ግን ስሙ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ስለነበረበት፥ ነገሩ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ሊጠመቅ የሚገባውን ሕፃን ገና ሳይፀነስ ስመ ክርስትናውን እንደ መወሰን ሆነ። ሃያ መስኮት የሚሻ ሰው ሃያውንም በየስማቸው እየጠራ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሃያ ጊዜ ይጽፍ ነበር፤ ስልቹነትንም ከጥበብ መካከል የምቆጥረው እኔ ይህን ሥርዓት ለማመስገን ይቸግረኛል።

መፍትሔውም በዚያው በሊበርቲ ቤዚክ መጣ፤ የእጀታው ስም በጽሑፍ ተለዋዋጭ ውስጥ እንዲቀመጥ ተፈቀደ፤ ማፕሃንድል የተባለውም ትእዛዝ፥ በቋሚ ስም የተከፈተውን መስኮት ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በአዲስ ስም እንዲጠራ አደረገ። ስለዚህ አንድ ቃል ከተራ ቁጥር ጋር ተጋጥሞ ስም ይሆናል፤ መስኮቶቹም እንደ ልብ ይበዛሉ። ዕዳው ግን የማይናቅ ነው፤ በስህተት የተገጣጠመ ስም ሲጻፍ አይታወቅም፥ ሲሠራ ብቻ ይጋለጣል።

ማይክሮሶፍት በ1991 ያወጣው ቪዥዋል ቤዚክ በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ብዙ አዝራሮች አንድ ስም ተጋርተው በተራ ቁጥር እንዲለዩ አድርጓልና፥ የዱሮው ቁጥር በስም ጥላ ሥር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይህኛው ይሻላል፤ ስሙ ትርጉሙን፥ ቁጥሩም ስሌቱን ይጠብቃሉና። ይህን ሥርዓት ግን በ2002 የተካው ቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት ሽሮታል።